የወረቀት ሞዴል ተአማኒነት በትንሹ ክብ ሲፈተን

በሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ሥራ በሚቀርብበት ሰሞን በጠረጴዛ ላይ ከሚደረደሩት የወረቀት ሞዴሎች መካከል ክብ ቤተ ክርስቲያን ወይም ክብ ጎጆ አልፎ አልፎ ይታያል። ከርቀት ለሚያየው ሥራው የተሟላ ነው፤ ጣሪያው ሳይጣመም ቆሟል፤ ግድግዳውም ነጭና ንጹሕ ነው። ቀረብ ብሎ ሞዴሉን ከተሰቀለው ፕላን ጋር የሚያመሳክር ሰው ግን አለመጣጣም ያገኛል። በፕላኑ ላይ ክብ ሆነው የተሳሉት የበረንዳ ምሰሶዎች በሞዴሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆነዋል። ትናንሾቹ ክብ መስኮቶች ሳይቆረጡ በእርሳስ ተስለው ቀርተዋል። በጉልላቱ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው የሰጎን እንቁላሎችም የሉም። ለውጡ በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተጠቀሰም፤ ምክንያቱ የንድፍ ውሳኔ አይደለምና። ትንሽ ክብ ከወረቀት ላይ መቁረጥ አስቸግሮ ነው።

ጉዳዩ ተራ የእጅ ሥራ ስለሚመስል ስለ ምርምር ዘዴ በሚደረግ ውይይት ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሆኖም የነባር ሕንፃን ልኬት ወስዶ በሞዴል የሚያቀርብ ተመራማሪ ሞዴሉን የሚያቀርበው በማስረጃነት ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ ያለን ቁጥር ለመጻፍ ስለሚቀል ብቻ የለወጠ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። ምሰሶውን ለመቁረጥ ስለሚቀል ብቻ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን የለወጠው ግን «ሥራው ንጹሕ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ትንሽ ክብን በትክክል መቁረጥ ሊማሩት የሚቻል፣ በቁጥር ሊገለጽ የሚችልና ከድኅረ ምረቃ ተማሪ ሊጠየቅ የሚገባ ሙያ መሆኑ ነው። አብዛኛው ውድቀት የሚመጣውም ከእጅ ድክመት ሳይሆን ለትልቅ ክብ የተፈጠረን ዘዴ በትንሽ ክብ ላይ ከመጠቀም ነው።

ጎጆ የሚቀልስ ሰው በቤቱ መካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉ ላይ ገመድ አስሮ እየዞረ መሬቱን ያሠምራል። የቤቱ ስፋት 6 ሜትር፣ የችካሉ ውፍረት 5 ሴንቲሜትር ቢሆን ችካሉ ከቤቱ ስፋት 120ኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያስከትለው ስህተት በጭቃና በእንጨት ሥራ ውስጥ ሳይታይ ይቀራል። ኮምፓስ የዚሁ ችካልና ገመድ ታናሽ ወንድም ነው። መርፌው በወረቀት ላይ የሚተወው ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆንና የሚቆረጠው ክብ 6 ሚሊሜትር ቢሆን «ችካሉ» የክቡን 12ኛ እጅ ይይዛል ማለት ነው። በዚህ ላይ መቁረጫው በዞረ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ መሐሉም ይሸሻል። የተነሳበት ነጥብ ላይ ሳይደርስ ቀርቶ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያልፍ ክብ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከወረቀቱ ጀርባ በመሐሉ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ቀዳዳውን ያጸናዋል፤ መድኃኒቱ ግን ለጊዜው ነው። ምላጭ የሚገጠምላቸው ኮምፓሶች አብዛኞቹ ከ1 ሴንቲሜትር ዲያሜትር በታች የማይወርዱትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕንፃው በስኬል ሲቀነስ ሁሉም ነገር አብሮት አይቀነስም። 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ምሰሶ በ1 ለ 50 ስኬል 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የመርፌው ውፍረት፣ የምላጩ ስለት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የወረቀቱ ውፍረት ግን በነበሩበት ይቆያሉ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። በ6 ሚሊሜትር ክብ ቁራጭ ዙሪያ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ወረቀት ጠቅልሎ ምሰሶ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ 6ን በፓይ አባዝቶ 18.85 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት ይቆርጣል። ጥቅሉ ግን አይገጥምም፤ 0.63 ሚሊሜትር ያጥራል። የወረቀቱ ርዝመት መሰላት የሚገባው በውፍረቱ መካከል በሚያልፈው መስመር፣ ማለትም በ6.2 ሚሊሜትር ዲያሜትር ነበርና። ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ ወረቀቱ በትክክል ተሰልቶ ክብ ቁራጩ በ0.2 ሚሊሜትር ቢያንስ በመጋጠሚያው ላይ የዚያኑ ያህል ወረቀት ይተርፋል። በዲያሜትር ላይ የተፈጸመ ስህተት በዙሪያው ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ይገለጣል። ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር በሆነ ግድግዳ ላይም ክፍተቱ ያው 0.63 ሚሊሜትር ነው፤ ነገር ግን እዚያ ከዙሪያው 300 እጅ አንዱን ያህል ስለሆነ በሙጫ ይሸፈናል። በምሰሶው ላይ ከ30 እጅ አንዱን ያህል ስለሚሆን ከዓይን አያመልጥም።

ከመቁረጡ በፊት የሚፈጠር አንድ ስህተትም አለ። ንድፉ ሲታተም ማተሚያው ገጹን ለማስማማት ሲል በጥቂት እጅ ያሳንሰዋል፤ 6 ሚሊሜትር የነበረው 5.8 ይሆናል። በእያንዳንዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው መስመር አብሮ አሳትሞ በማስመሪያ መለካት ይህን ስህተት ያስቀራል።

ለትንሽ ክብ የሚስማማው የመጀመሪያው ዘዴ ከክብ መስመር የሚጀምር አይደለም፤ ቀጥ ያሉ ቁርጦች ናቸው ክቡን የሚያወጡት። አርኪሜዲስ የፓይን ዋጋ ለመወሰን በክብ ውስጥና ውጭ 96 ጎን ያላቸው ጎነ ብዙዎችን ማስላቱ የታወቀ ነው። ሞዴል ሠሪ ያን ያህል መድከም አያስፈልገውም። 6 ሚሊሜትር ጎን ያለው አራት ማዕዘን ተቆርጦ አራቱ ማዕዘኖቹ ክቡን ነክቶ በሚያልፍ ቀጥ ያለ ቁርጥ ቢወገዱ ጎነ ስምንት ይገኛል። በዚህ ደረጃ ከክቡ ውጭ የሚቀረው ጫፍ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። ስምንቱ ማዕዘኖች እንደገና ቢከረከሙ 16 ጎን ይፈጠራል፤ ትርፉም ወደ 0.06 ሚሊሜትር ይወርዳል። ይህ ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያንሳል። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ሲታሽ ማዕዘኑ የት እንደነበረ አይታወቅም። ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ላይ ተመሳሳይ ጥራት ለማግኘት 50 ያህል ጎን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ከሚያስቡት በተቃራኒ የቀጥታ ቁርጥ ዘዴ ክቡ ባነሰ ቁጥር ይቀላል እንጂ አይከብድም። ቀጥ ያለ ቁርጥ ደግሞ በማስመሪያ ስለሚደገፍ የእጅን መንቀጥቀጥ ይገታል። በትንሽ ክብ ዙሪያ ምላጭን በአየር ላይ ማዞር ግን ለሠለጠነ እጅም ከባድ ነው። የግድ በኩርባ መቁረጥ ካስፈለገም የሚዞረው ወረቀቱ እንጂ ምላጩ መሆን የለበትም፤ ቁርጡም በአንድ ኃይለኛ ግፊት ሳይሆን ደጋግሞ በቀላሉ በመሄድ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ዘዴ በመብሻ መምታት ነው። ጫማ ሰፊዎች ቆዳ የሚበሱበት ጫፉ የተሳለ ቱቦ ከ2 እስከ 10 ሚሊሜትር ባለው ክልል ውስጥ በተለያየ ስፋት ይገኛል፤ ምሰሶና መስኮት በአብዛኛው የሚወድቁትም በዚህ ክልል ነው። አንድ ዓይነት ክብ ብዙ ጊዜ በሚያስፈልግበት ሥራ ከዚህ የሚስተካከል የእጅ መሣሪያ ማግኘት ይቸግራል፤ ሃያኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው አይለይምና። ነገር ግን መሣሪያው የሚጠይቀው ዕውቀት አለ። የአብዛኞቹ መብሻዎች ስለት የተሳለው ከውጭ በኩል ነው። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ቁራጭ ጠርዙ ቀጥ ያለና ስፋቱ ከቱቦው ውስጣዊ ዲያሜትር ጋር እኩል ይሆናል፤ በውጭ የሚቀረው ወረቀት ግን በስለቱ ተዳፋት ተገፍቶ የቀዳዳው አፍ ያብጣል። ክብ ቁራጭ ለሚፈልግ ይህ ምንም አይደለም፤ ቀዳዳ ለሚፈልግ ግን ጉዳት ነው። ለመስኮት ከውስጥ በኩል የተሳለ ቱቦ ይሻላል። እንዲህ ያለውን በገበያ መፈለግ ላያስፈልግ ይችላል። የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና እርስ በርሱ የሚገባ፣ ስፋቱ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ስስ የብረት ቱቦ ነው፤ በመጋዝ ተቆራርጦ ጫፉ በክብ ሞረድ ከውስጥ ሲሳል በርካታ መጠን ያላቸው መብሻዎች ይወጡታል። ሲመታ ከሥር የሚነጠፈው ነገርም ቁም ነገር ነው፤ ጠንካራ ብረት ስለቱን ያበላሻል፤ ለስላሳ ካርቶን ደግሞ ወረቀቱን ያጎደጉዳል። የጣውላ የግንባር ገጽ፣ ማለትም ጭረቱ ወደ ላይ የቆመበት ጎን፣ ለሁለቱም መካከለኛ ነው።

ከ1 ሴንቲሜትር እስከ 2 ሴንቲሜትር ያለው መጠን ባለቤት የሌለው መሬት ነው ማለት ይቻላል። ለመብሻ ይሰፋል፤ ለኮምፓስ ምላጭም ገና ጠባብ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥትን የሚተካ ነገር የለም፤ በጥቂቱ አስፍቶ በጎነ ብዙ መቁረጥና ከዚያ እስከ መስመሩ ድረስ ማሸት ነው። ብዙ ተመሳሳይ ቁራጮች ከተፈለጉ በመሐላቸው መርፌ አሳልፎ እንደ እንጀራ ደርድሮ በአንድነት ማሸት ጊዜን ይቆጥባል፤ እኩልነታቸውንም ይጠብቃል። የወረቀቱ ጠርዝ ከመታሸቱ በፊት በቀጭን ሱፐር ግሉ ቢጠጣ ጭረቱ ይጠነክራል፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ከመከርከም ይልቅ እንደ ጥጥ ይነሳል።

የወረቀት ጭረት አቅጣጫ ለብቻው ሊጤን ይገባል። በፋብሪካ የሚመረት ወረቀት ጭረቶቹ በአብዛኛው ማሽኑ በሄደበት አቅጣጫ ይተኛሉ። እርጥበት ሲያገኝ ከጭረቱ ጎን ለጎን ይልቅ በአግድሙ በኩል አብልጦ ያብጣል። በውኃ የሚቀጥን ነጭ ኮላ የተቀባ ክብ ቁራጭ እንደ እንቁላል የሚሞላለጠው ለዚህ ነው፤ ተማሪው እጁን ሲወቅስ ጥፋቱ የኮላው ሆኖ ይገኛል። በምላጭ ለሚቆረጥ ወፍራም ቁራጭ ወረቀቶቹን አስቀድሞ አጣብቆ፣ ከክብደት ሥር አድርቆ፣ ከዚያ መቁረጥ ይሻላል። በመብሻ ለሚመታ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ወፍራም ንብርብር በመብሻ ሲመታ ታችኛው ቁራጭ ከላይኛው ጋር እኩል ስለማይሆን አንድ በአንድ መትቶ በመርፌ ላይ መደርደር ይመረጣል።

በዚህ ነጥብ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ የሌዘር መቁረጫ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሌዘር ፈጣን ነው፤ ሁለት መቶ ክቦችን ያለ ድካም ይቆርጣል። ነገር ግን ጨረሩ ራሱ ስፋት አለው፤ የሚሄድበትን መስመር አቃጥሎ ያስወግዳል። የተቃጠለው ስፋት 0.2 ሚሊሜትር ቢሆንና ጨረሩ በመስመሩ መካከል ቢሄድ 6 ሚሊሜትር ተብሎ የተሳለው ክብ 5.8 ሚሊሜትር ቁራጭና 6.2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይሰጣል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ይወዛወዛል። ንድፉን በዚያ መጠን አስተካክሎ ማሽኑን ማዘዝ ይቻላል፤ የሚያስተካክለው ግን ስህተቱ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በሚጎተት ምላጭ የሚሠሩ የወረቀት መቁረጫ ማሽኖችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ የምላጩ ጫፍ ከመዞሪያ መሐሉ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ስለሚጎተት ይህ ካልተካካሰ ትንሹ ክብ መነሻና መድረሻው ሳይገናኝ ይቀራል። በእጁ ቆርጦ፣ ለክቶና ተሳስቶ የማያውቅ ተማሪ ከማሽኑ የወጣውን ሁሉ ትክክል አድርጎ ይቀበላል።

ሌላው ጉዳይ የፍትሕ ነው። ሥራ ማስረከቢያ ሲቃረብ የማሽኑ ወረፋ ይረዝማል፤ መብራት ይጠፋል፤ በውጭ ለሚያስቆርጥም ክፍያው በእያንዳንዱ ወረቀት ይጨምራል። ገምጋሚዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመዝኑት የጠርዝን ጽዳት ነው። ጽዳት በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ውጤቱ የሚለካው የተማሪውን ዕውቀት መሆኑ ያጠራጥራል። በፖላንድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የታተመው «ማዊ ሞዴላሽ»፣ ትርጉሙም «ትንሹ ሞዴል ሠሪ»፣ የተባለው መጽሔት የአውሮፕላን፣ የመርከብና የታንክ ሞዴሎችን በወረቀት ላይ እያተመ ለወጣት አንባቢዎች ያቀርብ ነበር። እነዚያ አንባቢዎች ጎማውን ሁሉ የቆረጡት በመቀስና በምላጭ ነው። ዘዴው ካለ ወረቀት ብዙ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሞዴል ሐሳብን ለመግለጽ እንጂ ሚሊሜትርን ለማረጋገጥ አይሠራም የሚል ነው። በንድፍ ጅማሬ ላይ ለሚሠራ የሐሳብ ሞዴል ይህ እውነት ነው፤ በጥድፊያ ተቀዶ የተጣበቀ ካርቶን አንዳንድ ጊዜ ከተጣራ ሥራ የበለጠ ይናገራል። የቅርስ ልኬት ሞዴል ግን ሌላ ነው። በጣና ሐይቅ ገዳማት እንደሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ የተከፈለ ነው፤ በብዙዎቹ ውጫዊው ግድግዳ ክብ ሆኖ መሐል ላይ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። የክቡና የአራት ማዕዘኑ ግንኙነት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ትርጉም አለው። በእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ ሞዴል ላይ ክብ የሆነውን ሁሉ ለመቁረጥ እንዲመች ወደ አራት ማዕዘን መለወጥ ጥናቱ ሊያሳይ የተነሳውን ነገር በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከልኬት ጥናት ጋር የሚቀርብ ማንኛውም ሞዴል በሥሩ ከሚለጠፈው መግለጫ ላይ ከስኬሉ ቀጥሎ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ በሞዴሉ ላይ ያለው ትንሹ ክብ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደተቆረጠ፣ ከተመሳሳይ ቁራጮች አሥሩ በካሊፐር ሲለኩ ከታሰበው መጠን ምን ያህል እንደራቁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ በሁለት ተሻጋሪ አቅጣጫዎች ይለካ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሞላለጡን ያሳያል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስፋት መኖሩ ብቻውን ክብነትን እንደማያረጋግጥ ግን መዘንጋት የለበትም፤ የሬሎ ሦስት ማዕዘን የሚባለው ቅርጽ በየትም በኩል ቢለካ ስፋቱ አንድ ነው፤ ክብ ግን አይደለም። ቁራጩን በመሠርሠሪያ በተበሳ ትክክለኛ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ ወደ ብርሃን ማየት ካሊፐሩ ያለፈውን ይይዛል። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ለገምጋሚውም ከጽዳት ውጭ የሚጠይቀው ነገር ይሰጠዋል። 0.3 ሚሊሜትር ስህተት አለው ብሎ የጻፈ ተማሪ ምንም ሳይጽፍ ንጹሕ ጠርዝ ካቀረበው ይልቅ ሊመሰገን ይገባል።

ከ3 ሚሊሜትር በታች ላለው ክብ ግን ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። በ1 ለ 100 ስኬል 30 ሴንቲሜትር ምሰሶ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ የሚቀጥነውን ቋሚ ሁሉ ከክብ ቁራጭና ከጥቅል መገንባት ድካም ብቻ ነው። እርጥብ ወረቀትን በቀጭን ሽቦ ላይ አጥብቆ ጠቅልሎ፣ አድርቆ፣ በሚፈለገው ቁመት መቆራረጥ ይሻላል። የጉልላቱ የሰጎን እንቁላል በዚሁ ስኬል 1.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን በወረቀት የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ባለ ክብ ራስ ስፒል ከነራሱ ተቆርጦ ነጭ ቀለም ቢቀባ ቦታውን ይሞላል፤ በመግለጫው ላይም «ከወረቀት ያልተሠራ፣ መጠኑ በግምት» ተብሎ ይመዝገብ።